የዘጌ ጀልባዎች፦ ጃኬቱን መጀመሪያ ማን ይልበስ?

ከባሕር ዳር እየተነሱ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደብረ ማርያምና ወደ ዓባይ መውጫ ሰው የሚያመላልሱት የኪራይ ጀልባዎች በጥቅሉ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ። ነጂዎቹ ሐይቁን ያውቁታል። ድንጋዩ የቱ ጋ እንደተደበቀ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የት እንደሚዘረጋ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ብትጠይቋቸው መልስ አያጡም። ከመነሳታቸው በፊት ለተሳፋሪ የሚሰጡት ምክርም ልክ ነው፤ ጃኬት ልበሱ፣ አትቁሙ፣ በጊዜ ተመለሱ፣ ጉማሬ አጠገብ አንሄድም። ቅሬታው መካሪው ራሱ ምክሩን ብዙ ጊዜ ስለማይከተለው ነው፤ ይህ ግምገማም በአብዛኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። የአንድ ጀልባ ወይም ማኅበር ስም አናነሳም። ነገሩ የአንድ ሰው ድክመት ሳይሆን አሠራሩ የወለደው ስለሆነ ከማንም ብትከራዩ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

በጃኬቱ እንጀምር። ተሳፋሪ ሲገባ ነጂው ከወንበር ሥር ብርቱካናማዎቹን ላይፍ ጃኬቶች እያወጣ ያድላል። «እማማ፣ ይቺን ይልበሱ፤ ቆይ እኔ ልሰርልዎት» ይላል። ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ «ጠበቀብዎት?» ብሎ ይጠይቃል። «አንተስ ልጄ?» ሲሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኔ ለምጄዋለሁ»። ከዚያ አንዱን ጃኬት አጥፎ ሞተሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ያነጥፍና ይቀመጥበታል።

የተቀመጠበት ጃኬት ነገ የሌላ ተሳፋሪ ነው። ጃኬቱን የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያለው ፎም የያዘው አየር ነው፤ በየቀኑ ሰው ሲቀመጥበት ፎሙ ይጨፈለቅና ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለስ ያቅተዋል። ከላይ ሲታይ ግን ያው ብርቱካናማ ጃኬት ነው። ስለዚህ ሲሰጧችሁ ከመልበሳችሁ በፊት ደረቱን በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው መነፋት አለበት፤ ተጨማዶ ከቀረ ሌላ ጠይቁ። ቀጥሎ ማሰሪያውን ከተሰፋበት ቦታ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ፀሐይ ላይ የከረመ ክር ቀለሙ ይነጣና በትንሽ ጉልበት ይበጠሳል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል፤ ጨርቅ ቶሎ ይበላል።

ውስጡ ላይ የተሰፋችውን ወረቀት መሰል ጨርቅ አንብቡ። 50፣ 100 ወይም 150 የሚል ቁጥር ይኖራታል፤ በኒውተን የተለካ የማንሳት ኃይል ነው፤ 10 ኒውተን 1 ኪሎ ያህል ያነሳል። አዋቂ ሰው ራሱን ከውሃ በላይ ለመያዝ የሚፈልገው ተጨማሪ ማንሳት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ 50ም ቢሆን ያንሳፍፋል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። 50 የተጻፈበት ዋና ለሚችልና ዳሩ ቅርብ ለሆነ ሰው የተሠራ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አይገለብጥለትም። 100 ለተረጋጋ ውሃ ነው። 150 የሳተውንም ለመገልበጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ለዘጌ መንገድ ከ100 በታች ባትቀበሉ ጥሩ ነው። የጀልባ ባለቤቶች በየጊዜው መሞከር የሚችሉበት ቀላል መንገድም አለ። 100 የተጻፈበት ጃኬት ላይ 8 ኪሎ ብረት አስሮ ዳር ላይ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው፤ ብረቱ ውሃ ውስጥ 7 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ደህና ጃኬት ይሸከመዋል። ከሰመጠ ፎሙ አልቆለታል፤ መቀመጫ ይሁን፣ ግን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል።

ልክነቱን ለማወቅ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ካሰራችሁ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭና ጆሮ ላይ ከደረሰ ሰፍቷል፤ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ሽቅብ ይወጣና ፊት ይሸፍናል። የልጆች ጃኬት በጭን መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለው ልጁ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ የልጅ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ ይዛችሁ አትሳፈሩ። ገዳም የሚሳለሙ እናቶችና እህቶች ነጠላውን ከጃኬቱ በላይ ባይጥሉት ይሻላል፤ ማሰሪያውን ይሸፍናል፣ ሲረጥብ አንገትና ክንድ ላይ ይጠመጠማል። በፌስታል አድርጎ መያዝና ዘጌ ሲወርዱ መልበስ ነው።

አሁን «ለምጄዋለሁ» ወደሚለው እንመለስ። ሐይቁ ዳር ያደገ ነጂ ዋና ይችላል፤ ይህ አያከራክርም። ግን የወደቀ ነጂን የሚያሰጋው ውሃው ብቻ አይደለም፣ የራሱ ጀልባም ነው። ሞተር ሲሠራ ፕሮፔለሩ የሚፈጥረው ኃይል መሪውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። እጅ ሲለቀው ጀልባዋ ክብ እየሠራች ትዞርና ሰውየው ወደ ወደቀበት ቦታ ትመለሳለች። ለዚህ ነው ሞተሩ ላይ ቀይ ጥቅልል ገመድ ያለው፤ አንዱ ጫፍ ማጥፊያው ላይ ይሰካል፣ ሌላው ነጂው ሰውነት ላይ ይታሰራል፤ ሰውየው ከወደቀ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ወጣት ነጂ የሚያሠለጥን ሰው መጀመሪያ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡ ግን ገመዱን ማጥፊያው ላይ ተሰክቶ፣ ሌላው ጫፉ ሞተሩ እጀታ ላይ ተጠምጥሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ የታሰረ ገመድ ጥቅሙ ሞተሩ እንዲነሳ መፍቀድ ብቻ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ሳይመረምሩ ነጂውን መውቀስ ቀላል ነው። ነጂው ሲነሳ ከድንጋዩ ጀልባዋን በእንጨት ይገፋል፣ ሲደርስ ለተሳፋሪ እጅ ይሰጣል፣ መሃል ላይ ደንገል ወይም መረብ ሲያጋጥመው ወደ ፊት ይሄዳል። በተነሳ ቁጥር ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ እንደገና ገመድ ስቦ ማስነሳት ይመጣል። ተሳፋሪውም «ሞተሩ ምን ሆኗል?» ብሎ ይደነግጣል። በዚያ ላይ ወፍራም የፎም ጃኬት ለብሶ መሪ መያዝ ክንድን ያግዳል፣ ቀትር ላይ ያልባል። ምክሩን የሚሰማ ተሳፋሪ ይህን የሚሸከመው ለአንድ ሰዓት ነው፤ መካሪው ግን ዓመቱን ሙሉ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ መስተዋት ሆኖ ሲያድር ደግሞ ጃኬት ያልለበሰበት ቀን ሁሉ በሰላም ያልቃል፤ ያ ሰላም ራሱ ሌላ መካሪ ይሆንበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው የማያየው ምክንያት ቆጠራው ነው። ጀልባዋ 12 ሰው ትጭናለች ሲባል 12 ጃኬት ይገዛል። ነጂው ተሳፋሪ ስላልሆነ አይቆጠርም። ጀልባዋ ስትሞላ ጃኬት ልልበስ ቢል እንኳ ከአንድ ተሳፋሪ ወስዶ ነው። ይህን በወቀሳ አትፈቱትም፤ አሥራ ሦስተኛ ጃኬት በመግዛት ትፈቱታላችሁ። ክንዱ ሰፊ፣ ጎኑ አጭር፣ ከፊት በዚፕና በአንድ ቀበቶ የሚዘጋ፣ የነጂው ብቻ የሆነ ጃኬት ሲኖር ሰውየው ሌሎችን ከማልበሱ በፊት ራሱ ይለብሳል። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፤ ነጂው ለብሶ ሲያድል «አንተስ?» የሚል አይኖርም፣ የሚያመነታው ወጣት ተሳፋሪም ይለብሳል። ገመዱን ደግሞ እጅ አንጓ ላይ ሳይሆን ከጉልበት በላይ ጭን ላይ ማሰር ይሻላል፤ ተለጥጦ ከ1 ሜትር በላይ ስለሚሄድ ተቀምጦ መዞርን አያግድም። ሲነሳ ሞተሩን አጥፍቶ መነሳት ሥራውን የሚያዘገየው በጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ተሳፋሪ በሚወጣና በሚገባበት ሰዓትማ ፕሮፔለሩ መዞር የለበትም።

እዚህ ላይ «ባለታንኳውስ? እሱ መቼ ጃኬት ለበሰ?» የሚል ይኖራል። ታንኳ ሌላ ነገር ነው። ከደንገል ጥቅል የተሠራ ስለሆነ ውሃ ቢሞላውም ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ቢገለበጥ ሰውየው ይዞት ይቆያል። የላሜራና የፋይበር ጀልባ ግን በወለሉ ወይም በጫፎቹ ውስጥ የታሸገ ፎም ካልተደረገለት ውሃ ሲሞላው ሞተሩን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከታንኳ ጋር ማወዳደር ደካማ ማስረጃ ነው። ስትከራዩ «ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ ትንሳፈፋለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ ነጂ ፎሙ የት እንዳለ ከፍቶ ያሳያል።

ሁለተኛው ምክር ስለ ሰዓት ነው። «ከቀትር በፊት እንመለስ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቀን መሬቱ ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ሲነሳ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ላይ ወደ ዳር ይገባል። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስላለች የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ሐይቁን አቋርጦ ጉልበት አግኝቶ ነው የሚደርሰው። ጣና በዚያ ላይ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ ይቀራረብና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍታው ብዙ ባይሆንም ትንሽ ጀልባን ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይቀበላታል። ከዘጌ ስትመለሱ የሚመታችሁ ከግራ ጎንና ከኋላ ስለሆነ ውሃው የሚገባው ነጂው በማያይበት በኩል ነው። ያኔ ፍጥነት መቀነስ፣ ማዕበሉን በጎን ሳይሆን በሰያፍ መቀበል፣ ተሳፋሪን ከወንበር አውርዶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ነው የሚበጀው።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሌላ ቡድን ጭኖ ሲነሳ ታገኙታላችሁ። ጠዋት የመከራቸው ሰዎች ገና እግራቸው ዳር ሳይደርቅ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቤንዚንና የጀልባው ዕዳ በአንድ ዙር አይሸፈንም። የጠዋቱ ቡድን ራሱ ያዘገየው ጊዜም አለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ከወደቡ 20 ወይም 30 ደቂቃ በእግር ነው፤ ሥዕሎቹን አይቶ፣ አዝዋ ማርያም ጎራ ብሎ፣ የዘጌን ቡና ሦስቱንም ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ጥቂት ነው። ነጂው «በ5 ሰዓት ጀልባ ላይ» ብሎ ነበር። በ7 ሰዓት ግን ዛፍ ሥር እየጠበቀ ነው፤ ጥሏቸው አይሄድ ነገር።

ይህን የሚፈታው ውል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሱ፤ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። 5 ሰዓት ላይ ከዘጌ መነሳትን ስትከራዩ ተነጋገሩ፤ ካለፈ በየግማሽ ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚጨመርም ቁረጡ። የመቆያ ዋጋ ሲቆረጥ ነጂው ሳያፍር ይጠራችኋል፣ እናንተም ቡናውን በሁለተኛው ትነሳላችሁ። ሁለት ገዳም ማየት የሚፈልግ ሰው ለሦስተኛ ቦታ ጉጉት ባይይዘው መልካም ነው፤ ደቅ ደሴትና ዳጋ እስጢፋኖስ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ጉዞ ናቸው።

ጭነትና ሞተር ላይ ደግሞ የሚመክሩትን ከሚያደርጉት ጋር ማነጻጸር ለተሳፋሪ ይከብዳል፣ ግን ሦስት ነገር በዓይን ይታያል። አንደኛ፣ ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ከውሃው እስከ ጀልባዋ ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይቅር። ያነሰ ከሆነ አንድ ሰው ይውረድ። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ጉልበትም አትመኑ፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይደክማል፤ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ጣና ላይ 33 ቢሰጥ ነው። ነጂው ይህን ያውቃል፤ ለተለማማጁ «አታብዛ» ይለዋል፤ የበዓል ሰሞን ሰው ሲሰለፍ ግን ምክሩ ከሰልፉ ጋር መታገል አለበት። ሁለተኛ፣ ቤንዚኑ። ደንቡ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን ነው። ባለሁለት ምት ሞተር ከሆነ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ በቀር። ዘይት የተቆጠበበት ሞተር መሃል ሐይቅ ላይ ፒስተኑ ይያዛል፤ የበዛበት ደግሞ ካንዴላውን ያቆሽሽና እየተንተባተበ ይጠፋል። ስለዚህ ትርፍ ካንዴላና መፍቻው ጀልባው ላይ ይኑር፣ ሁለት መቅዘፊያም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚተፋው ቀጭን ውሃ። እሱ ከቆመ ማቀዝቀዣው ተዘግቷል ማለት ነው፤ እምቦጭ፣ ሣር ወይም ፌስታል ይሆናል፤ ወዲያው ማጥፋትና ማጽዳት ያስፈልጋል። እምቦጭ በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ይህን ውሃ በዓይን መከታተል የነጂ ሁሉ ልማድ ሆኗል፤ በዚህ ላይ ምክርና ተግባር ይገናኛሉ። ሞተሩ ከተቃጠለ ወጪው የራሱ ነዋ።

ጉማሬው ላይ ጥፋቱን ለተሳፋሪ እንሰጣለን። ነጂው ዓባይ መውጫ ጋ ሲደርስ ራቅ ብሎ ሞተሩን ያበርዳል፤ «አይጠጋም፣ ይቆጣል» ይላል። ከ50 ሜትር ያላነሰ ርቀት ተገቢ ነው፤ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ጠልቆ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት ስለሚችል ያያችሁበት ቦታና ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም። ከዚያ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እንኳ...» ይጀመራል፤ ጉርሻም ይታያል። ያው ጠጋ የሚያስብለው ሰው ልጁን ግን «ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ!» እያለ ራሱ ቆሞ ስልኩን ይዘረጋል። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል 700 ኪሎ ያህል ክብደት እንደተሸጋገረ አስቡት።

ነጥብ ከተሰጠ፦ የሐይቅ ዕውቀት 9 ከ10፣ መስተንግዶ 8፣ ለተሳፋሪ የሚሰጠው ማሳሰቢያ 8፣ ነጂው በራሱ ላይ የሚተገብረው 4። አራቱ ከፍ የሚለው ነጂው የራሱን ጃኬት ለብሶ፣ ገመዱን ጭኑ ላይ አስሮ ስታገኙት ነው፤ እንደዚህ ያለ ነጂ ካገኛችሁ ሞተሩ ቢያረጅም እሱን ምረጡ፣ ስልኩንም ያዙ። ዋጋ በቤንዚንና በወቅት ይለዋወጣል፤ ኪራዩ ለጀልባዋ እንጂ በሰው እንዳልሆነ፣ የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡ የተቀላቀለ ቡድን ለእሱ ከመክፈሉ በፊት ያስብበት። ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ባሕር ዳር ሲወርዱ መክፈል የተለመደ ነው፤ የመመለሻ ሰዓቱንና የመቆያውን ዋጋ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉት።